«ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለትን ለአንድ ሰዓት ስለማገድ

በፍራንክፈርት አም ማይን «አብሮ ማርጀት» መረዳጃ ማኅበር
የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቁጥር፦ ካለፈው ቀጥሎ ያለው። ያለፈው ስንት እንደነበረ ጸሐፊው ቤቱ ሄዶ ያጣራል።

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2025 እ.ኤ.አ.

ቦታ፦ ቦናመስ፣ ቤን ጉርዮን ሪንግ፣ አቶ ጸሃየ የሚኖሩበት ሕንፃ ሥር ያለው የነዋሪዎች ክፍል። ቀድሞ የምንሰበሰብበት ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃውን ወጥቶ ሲያበቃ አጀንዳ ለማንበብ የሚበቃ ትንፋሽ የተረፈው አባል በመጥፋቱ ተለውጧል።

ሰዓት፦ ለዘጠኝ ሰዓት ተጠርቶ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሁሉም ተገኝቷል። በወጣትነታችን ለዘጠኝ የተጠራ ስብሰባ አሥራ አንድ ላይ ይጀመር እንደነበር ሰብሳቢው አስታውሰው፣ ማኅበሩ በሰዓት አክባሪነት ያሳየውን እድገት አመስግነዋል። ሌላ የምንሄድበት ስለሌለን ነው የሚል አስተያየት ከወይዘሮ ኑርያ ቀርቦ ሳይመዘገብ ቀርቷል።

የተገኙ አባላት፦
አቶ አሰግድ፣ ሰብሳቢ። ሳክሰንሃውሰን በሚገኝ የፖም ወይን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ።
ወይዘሮ ኑርያ፣ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ። የሚያዝ ገንዘብ ስለሌለ ቁልፍ ይይዛሉ።
አቶ ጸሃየ፣ አንጋፋ አባልና የዛሬው ባለጉዳይ።
አብዲሳ፣ ጸሐፊ።
ታዛቢ፦ ቅሳነት፣ የአቶ ጸሃየ ልጅ። አርባ ሰባት ዓመቷ ብቻ ስለሆነ ድምፅ የመስጠት መብት የላትም።

የአባላት ዕድሜ በዚህ ቃለ ጉባኤ አልተጠቀሰም። ከአንዱ በስተቀር ሁላችንም በወረቀት ጃንዋሪ አንድ ቀን የተወለድን ሲሆን፣ ትክክለኛውን የሚያውቁት እናቶቻችን ነበሩ።

የቀሩ፦ ወይዘሮ ውባለም በይቅርታ ቀርተዋል፤ ይቅርታውን ለማን እንደነገሩት አልታወቀም። አቶ ዘርኣብሩክ ስብሰባው ትናንት መስሏቸው ትናንት መጥተው፣ ጠብቀው ጠብቀው ሄደዋል።

ማሳሰቢያ ከጸሐፊው፦ የሚጽፍበትና ሰው የሚያይበት መነጽር የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ ተናጋሪውን ባየ ጊዜ አልጻፈም፣ በጻፈም ጊዜ ማን እንደተናገረ አላየም። ስህተት የተገኘ እንደሆነ ተጠያቂው መነጽሩ ነው።

አጀንዳ አንድ፦ ምልዓተ ጉባኤ

ደንቡ ከስድስቱ አባላት አምስት መገኘት አለባቸው ይላል። የተገኙት አራት ናቸው። ሰብሳቢው ስብሰባው ይበተን ቢሉ አቶ ጸሃየ ከስምንተኛ ፎቅ ወርደው መምጣታቸውን፣ ተመልሰው ቢወጡ ዳግመኛ የሚወርዱት ምናልባት በፋሲካ እንደሆነ ልጃቸው ተናግራለች። ጉባኤው በጉዳዩ ላይ ሰፊ ውይይት ካካሄደ በኋላ፣ አቶ ዘርኣብሩክ ትናንት መምጣታቸው ለዛሬ እንዲቆጠርላቸው በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ድምፅ ከሰጡት መካከል አቶ ዘርኣብሩክም እንዳሉበት ተመዝግቧል።

አጀንዳ ሁለት፦ ያለፈው ወር ምርመራ ለምን እንደከሸፈ

ሰብሳቢው ጉዳዩን ሁላችንም እያወቅነው እንደገና አብራርተውታል። በዚህ አገር ሰው መታጠብ፣ መልበስ፣ ደረጃ መውጣት ሲያቅተው አቅሙ ተመዝኖ ፍሌገግራድ የሚባል ደረጃ ይሰጠዋል፤ ደረጃውን ያገኘ ሰው ቤቱ ድረስ የሚመጣ ረዳት ይመደብለታል። የምትመዝነው መርማሪ ቤት መጥታ አንድ ሰዓት ያህል ተቀምጣ ጠይቃ ትሄዳለች። አቶ ጸሃየ ባለፈው ወር ተመዝነው ምንም እገዛ አያስፈልጋቸውም ተብሏል። ቅሳነት ተቃውሞ አስገብታ ሌላ መርማሪ ማክሰኞ ጠዋት ትመጣለች። ማክሰኞ ካልተሳካ ቅሳነት ኦስትሃፈን ያለውን የመጋዘን ሥራዋን ትታ አባቷ ቤት ትገባለች። በጠዋቱ ፈረቃ በማርፈዷ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል።

ታዛቢዋ ያለፈው ወር ሁኔታ ምን ይመስል እንደነበር ስትጠየቅ የሚከተለውን አስረድታለች። አቶ ጸሃየ እንግዳ ይመጣል ሲባሉ ተላጭተው፣ ለልጅ ልጃቸው ለራሕዋ ሠርግ የተሰፋውን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው ጠብቀዋል። ተደግፈውት የሚሄዱት ባለ ጎማ ሮላቶር በረንዳ ላይ ወጥቶ አንሶላ እንዲለብስ አዝዘዋል፤ እንግዳ በሚገባበት ቤት ዕቃ አይዝረከረክም ብለው። ሴትዮዋ ስትገባ ብድግ ብለዋል። ለዚያች ብድግ ማለት የሳምንት ጉልበት ማጠራቀማቸውን መርማሪዋ ልታውቅ አልቻለችም።

እንዴት ነዎት ስትላቸው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ? እናት አባት ደህና ናቸው?» ብለዋል። ስለ እናቷ የጠየቃት ሰው ካጣች ብዙ ጊዜ የሆናት መርማሪ ስለ እናቷ ሕመም ስታወራ የምርመራው ግማሽ አልቋል። ብቻዎን ይታጠባሉ ወይ ስትላቸው «ምነው፣ ንጹሕ አይደለሁም?» ብለው ወደ ኮሌታቸው አመልክተዋል። ልትሄድ ስትል ደግሞ እንግዳ ብቻውን አይወጣም ብለው እስከ ሊፍቱ ድረስ ሸኝተዋታል። ከዚያ በኋላ ሳምንቱን በሙሉ ከአልጋ አልተነሱም። ያንን ግን መርማሪዋ አላየችም፤ ያየችው የሸኟትን ሰው ነው።

ወይዘሮ ኑርያ ያን ቀን አስተርጓሚ ማን እንደነበር እያወቁ ጠይቀዋል። አስተርጓሚው ሰብሳቢው ነበሩ። ታዛቢዋ እንዳስረዳችው፣ ጉልበትዎን ያምዎታል ወይ ለሚለው አቶ ጸሃየ «ትንሽ ትንሽ» ሲሉ ሰብሳቢው በጀርመንኛ «በወጣትነታቸው የታወቁ ኳስ ተጫዋች ነበሩ» ብለው ተርጉመዋል። ከራሳቸውም ኪስ አውጥተው «ከጎረምሳ የሚለያቸው ፀጉራቸው ብቻ ነው» የሚል ጨምረዋል። ሰብሳቢው በሰጡት መልስ የታላቅን ገመና በባዕድ ፊት አውጣ የሚል ትምህርት ከወላጆቻቸው አለመማራቸውን ገልጸው፣ ይህ ክፍል ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ አሳስበዋል። ጸሐፊው አወጣለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ረስቷል።

አጀንዳ ሦስት፦ ለማክሰኞ የሚሠራ ሥነ ሥርዓት

ያረጀ ሰው ያረጀ ለመምሰል ሥነ ሥርዓት ያስፈልገዋል ወይ የሚል ጥያቄ ተነስቶ፣ በእኛ ዘንድ ያስፈልገዋል ተብሏል።

ሀ) ልብስን በተመለከተ። አቶ ጸሃየ በፒጃማ እንዲጠብቁ ሐሳብ ቀርቧል። ባለጉዳዩ በፒጃማ የሚቀበሉት እንግዳ ሞት ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ቢሆን ቀድሞ ቢደውል ደስ እንደሚላቸው ተናግረዋል። ከረጅም ውይይት በኋላ ሙሉ ልብሱ እንዲለበስ፣ ከረባቱ እንዲቀር ተወስኗል። ባለጉዳዩ ከረባቱን በተመለከተ የልዩነት ሐሳባቸው እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል።

ለ) ከመቀመጫ መነሳትን በተመለከተ። መርማሪዋ ስትገባ ባለጉዳዩ እንዳይነሱ የሚል ሐሳብ ቢቀርብም ሴት ስትገባ ቁጭ ብሎ ማየት ነውር ነው በሚል ከፍተኛ ክርክር አስነስቷል። ቀድመው ቆመው ይጠብቋት የሚል አማራጭ ከጸሐፊው ቀርቦ ጸሐፊው እንዲያርፍ ተነግሮታል። በመጨረሻም ባለጉዳዩ እንዳይነሱ ወይዘሮ ኑርያ ከጎናቸው ሶፋው ላይ ሆነው የባለጉዳዩ ኮት ጫፍ ላይ እንዲቀመጡ በአብላጫ ድምፅ ተወስኗል።

ሐ) መስተንግዶን በተመለከተ። ሰብሳቢው ገበታው የተሟላ ከሆነ ቤቱ ሙሉ አቅም ያለው ይመስላል፣ ስለዚህ ጨው የሌለው ወጥ ይቅረብ፣ ጨው መርሳት የእርጅና ማስረጃ ይሆናል ብለዋል። ወይዘሮ ኑርያ ጨው የሌለው ወጥ ከእጃቸው ከሚወጣ እጃቸው ቢወጣ እንደሚመርጡ አስታውቀዋል። ምንም ነገር ባይቀርብስ የሚል ሐሳብ ከታዛቢዋ ቢመጣም የሚደግፈው ጠፍቷል። ከዳቦ ቤት የተገዛ ኬክ እንዲቀርብ፣ ኬኩ ግን ከውስጥ እንዳይመረቅ ተወስኗል። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ምን ማለት እንደሆነ ጸሐፊው አሁን ሲያነበው አልገባውም፤ በሰዓቱ ግን ሁላችንንም አስማምቶናል።

መ) መሸኘትን በተመለከተ። እንግዳዋን ባለጉዳዩን ወክለው ሰብሳቢው ይሸኛሉ። በዝግታ እንዲራመዱ ተነግሯቸዋል፤ ለዚህ ውሳኔ አላስፈለገም።

ሠ) «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ማለትን በተመለከተ። ይህ ቃል መርማሪዋ ከገባችበት እስከምትወጣበት ለአንድ ሰዓት እንዲታገድ ሐሳብ ቀርቧል። የጴንጤው ሰብሳቢ ምስጋናን ማገድ ኃጢአት ነው ብለዋል። ወይዘሮ ኑርያ አልሐምዱሊላህ የሚባለው በጤናም በሕመምም ነው ብለዋል። ኦርቶዶክሱ አቶ ጸሃየ «ተመስገን ካላልኩ አፌን በምን ልክፈተው?» ሲሉ ጠይቀዋል። ማኅበሩ ከተመሠረተ ጀምሮ በበዓል ቀን እንኳ ያልተስማሙ ሃይማኖቶች እዚህ ላይ ሲስማሙ ጸሐፊው ስለተደነቀ ጥቂት ሳይጽፍ ቀርቷል። ከብዙ ውይይት በኋላ «ተመስገን» በልብ እንዲባል፣ በአፍ «ደህና አይደለሁም» እንዲባል በድምፅ ብልጫ ተወስኗል።

አጀንዳ አራት፦ ልምምድ

ለልምምዱ ይረዳ ዘንድ እያንዳንዱ አባል ያሉበትን የእርጅና ምልክቶች እንዲያቀርብ ተጠይቋል። ምልክት ያለበት አባል አልተገኘም። የወይዘሮ ኑርያ ጉልበት የሚያመው በአየሩ ምክንያት ነው። የሰብሳቢው እጅ የሚንቀጠቀጠው በሥራ ዘመናቸው ብዙ ሽንኩርት ስለከተፉ ነው። ጸሐፊው የሚረሳው ከልጅነቱ ጀምሮ ነው፤ የክፍል ኃላፊው ይመሰክሩለት ነበር፣ ስማቸው ጠፋው እንጂ። በመሆኑም በማኅበሩ ውስጥ ያረጀ ሰው እንደሌለ ተመዝግቧል። ወይዘሮ ኑርያ «ሲያረጁ አምባር ይዋጁ» ብለው ለማን እንዳሉት ሳያብራሩ አልፈዋል።

ሰብሳቢው አንድ አቅመ ደካማ ከወንበር ለመነሳት ሲሞክር ምን እንደሚመስል ላሳይ ብለው ዝቅ ባለው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። ለመነሳት ሞክረው ወደ ኋላ ወደቁ። ደግመው ሞክረው እንደገና ወደቁ። ትወናቸው እጅግ የተዋጣ ስለነበር ጉባኤው አጨብጭቧል። ጭብጨባው ካበቃ ብዙ ቆይቶ ትወና እንዳልነበረ ታውቋል። ታዛቢዋ አንስታቸዋለች። ጸሐፊውም ሊያግዝ ሄዶ ወገቡን ይዞት፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቆሞ ጽፏል።

ቀጥሎ ወይዘሮ ኑርያ መርማሪዋን ሆነው ከበር ገቡ። አቶ ጸሃየ በኮታቸው ላይ የሚቀመጥ ሰው ስላልነበረ ተነሱ። እንዲቀመጡ ተነገራቸው። «ጋሽ ጸሃየ፣ እንዴት ነዎት?» ሲባሉ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» አሉ። ውሳኔው ተነበበላቸው። ድጋሚ ተጠየቁ፤ ያንኑ መለሱ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠየቁ ብዙ አስበው፣ ላብ ላብ ብሏቸው «ደህና…» ካሉ በኋላ «…ነኝ፣ ክብሩ ይስፋ» አሉ።

በዚህ ጊዜ ታዛቢዋ የመናገር ፈቃድ ሳትጠይቅ ተነስታ «ፓፓ፣ ዛግ ኤስ ዶኽ አይንማል!» ብላ ጮኸች፤ አንዴ እንኳ ተናገረው እንጂ ማለቷ ነው። ቀጥላም በአማርኛ ሥራዋ ሊያመልጣት እንደሆነ፣ ወገቧም እንደለቀቃት፣ ከዚህ በላይ እንደማትችል ተናግራለች። አቶ ጸሃየ ሥራሽን ተዪልኝ ብለው እንዳልለመኗት መልሰዋል። ቅሳነት አለመለመናቸው ነው ችግሩ ብላለች። ሰብሳቢው ሁለቱም በሰብሳቢው በኩል እንዲነጋገሩ ቢያሳስቡም የሰማቸው የለም።

ወይዘሮ ኑርያ መርማሪ መሆናቸውን ትተው ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡ። «ጋሽ ጸሃየ፣ አሁን ልምምድ አይደለም። የሚያጥብዎት ማነው?» አሉ።

ቅሳነት ወደ መስኮቱ ዞረች።

አቶ ጸሃየ «አብዲሳ፣ ብዕሩን አስቀምጥ» አሉ። ጸሐፊው አስቀመጠ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ኋላ ራሳቸው «አሁን ጻፈው» ብለው ሲፈቅዱ ከትዝታ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ትናንት ምን እንደበላ አያስታውስም፤ ይህን ግን ያስታውሳል።

«የምታጥበኝ ቅሳነት ናት። ከሥራ በፊት ትመጣለች። ፎጣ ፊቴ ላይ አደርጋለሁ፤ እሷም ግድግዳ ግድግዳውን እያየች ታጥበኛለች። አንነጋገርም። አልብሳኝ ትወጣና በሩን ትዘጋለች። ከዚያ ታንኳኳለች። ‹ደህና አደርክ ባባ› ብላ እንደ አዲስ ትገባለች። እኔም ‹ተመስገን፣ ደህና ነኝ፣ አንቺስ?› እላታለሁ። ልጄ የምትመጣው ያኔ ነው። ቅድም ያጠበችኝን ሴት ሁለታችንም አናውቃትም። ለመርማሪዋ አልችልም ካልኳት ግን ፎጣው ተገፈፈ ማለት ነው።»

ቅሳነት ከመስኮቱ ሳትዞር የዚያን መታጠቢያ ቤት የግድግዳ ሴራሚኮች አንድ በአንድ እንደምታውቃቸው፣ የትኛው እንደተሰነጠቀም ጭምር እንደምታውቅ ተናገረች።

አቶ ጸሃየ «አውቃለሁ» አሏት። ከዚያም ወደ እኛ ዞረው «ልጄ ልጅ ሆና ትኑርልኝ። የሚያጥበኝ ሌላ ሰው ይምጣ። ይሄን ነው የምፈልገው» አሉ።

ጸሐፊው ልቡ ተነክቷል። ይህ በቃለ ጉባኤ ይያዝ ወይ ብሎ ጠይቆ መልስ የሰጠው ስላልነበረ ይዞታል። ሰብሳቢውም ሽንኩርት በሌለበት ዓይናቸውን ጠርገዋል።

ወይዘሮ ኑርያ ማክሰኞ መባል ያለበት አሁን የተባለው እንደሆነ፣ ከዚህ ሌላ ምንም እንዳይጨመር ሐሳብ አቅርበዋል። ሰብሳቢው ሐሳቡን ደግፈው፣ ይህን ቃል መተርጎም እንደማይችሉ፣ አፋቸው ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ሊሆንባቸው እንደሚችል ራሳቸውን ስለሚያውቁ ከአስተርጓሚነት መልቀቂያ አስገብተዋል። መልቀቂያው ያለ ውይይት ጸድቋል። ከቀረነው ውስጥ ለዚህ የሚበቃ ጀርመንኛ ያለው ማን ነው ሲባል ቅሳነት ብቻ ሆና ተገኘች።

አቶ ጸሃየ እሷ በዚያ ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ባትኖር ይሻል ነበር አሉ። ቅሳነት ሁልጊዜም ክፍሉ ውስጥ እንደነበረች መለሰችላቸው። ከዚያም ለልምምድ ያህል እንዲናገሩ ጠየቀቻቸው። አቶ ጸሃየ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ፊት ለፊቷ እያዩ «የምታጥበኝ ልጄ ናት» አሉ።

«ማይነ ቶኽተር ቬሽት ሚኽ» አለች ቅሳነት።

አቶ ጸሃየ ጀርመንኛውን በጥሞና ካዳመጡ በኋላ «ትክክል ነው» አሉ።

አጀንዳ አምስት፦ ልዩ ልዩ

ከዚህ በኋላ ያልተጠየቀ ነገር መናገር ተጀመረ። ወይዘሮ ኑርያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከወደቁ ወዲህ በሩን ሳይቆልፉ እንደሚታጠቡ፣ ጎረቤታቸው ሳልማም ሳሎን ተቀምጣ እንደምትጠብቃቸው ገለጹ። ሰብሳቢው የእግራቸውን ጥፍር መቁረጥ ከተሳናቸው መቆየታቸውን፣ ጥብቅ ጫማ የተዉት ለፋሽን እንዳልሆነ ተናገሩ። ጸሐፊው ባለፈው የጻፈውን ቃለ ጉባኤ ቤቱ ሊያጣራ የሚሄደው ቁጥሩ ስለጠፋው ብቻ ሳይሆን ወረቀቱን የት እንዳደረገው ስለማያውቅ መሆኑን አስታወቀ። ማንም አልሳቀም። ጥቂት ቆይቶ ሁሉም ሳቀ፤ ከሁሉ ይልቅ አቶ ጸሃየ።

የማጠቃለያ ውሳኔ፦ ጉባኤው ከላይ የተወሰኑትን ሁሉ እንደገና መርምሮ፣ ሙሉ ልብስን፣ የኮት ጫፍን፣ ኬክን፣ መሸኘትንና «ተመስገን» የሚለውን ቃል በተመለከተ የተላለፉት ውሳኔዎች ሁሉ ተሽረው፣ አቶ ጸሃየ እንደወደዱ እንዲለብሱ፣ ከቻሉ እንዲነሱ፣ እንግዳቸውን እንደባህላቸው እንዲያስተናግዱ፣ እግዚአብሔርንም ደስ እንዳላቸው እንዲያመሰግኑ፣ ከዚያም ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩና ልጃቸው እንድትተረጉማት ወስኗል። በማኅበሩ ውስጥ ያረጀ ሰው የለም ተብሎ የተመዘገበውም ተሰርዟል። አቶ ዘርኣብሩክ በዚህ ውሳኔ ላይ ይስማሙ እንደሆነ ትናንት ስላልነገሩን ድምፃቸው ከእኛ ጋር ተቆጥሯል።

ስብሰባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊዘጋ ሲል ቅሳነት አንድ ማስታወቂያ አለኝ ብላ ድምፅ የመስጠት መብት ባይኖራትም ተፈቅዶላታል። ረዳት እስኪመደብ ድረስ እሷው እንደምታጥባቸው፣ ነገ ጠዋት ግን አልብሳቸው ስታበቃ ወጥታ በሩን እንደማትዘጋና እንደማታንኳኳ፣ እዚያው አጠገባቸው ቆማ «ደህና አደርክ ባባ» እንደምትል አስታወቀች።

አቶ ጸሃየ ተቃውሞ እንደሌላቸው ገልጸዋል።

ጸሐፊ፦ አብዲሳ